የእትዬ ፌስታል

አጎቴ ከሃያ ዓመት በላይ ወታደር ነበር። ያረፈው በሕመም ነው። ሚስቱ እትዬ የሚኖሩት መሐል ሜዳ፣ የጡረታው ጉዳይ የሚታየው ደግሞ ደብረ ብርሃን። በጨለማ ተነሥተው፣ ሞላሌንና መዘዞን አልፈው፣ በጣርማ በር ብርድ ተቆራምደው ይመጣሉ። አራት ጊዜ ተመላለሱ። በአራተኛው እኔ ቤት ጎራ ብለው ከነጠላቸው ሥር አንድ ፌስታል አወጡ።

«አንተ ልጅ፣ እስቲ እየው። ምኑ ነው የጎደለው?»

የጋብቻ ወረቀት፣ የልጆቹ የልደት ካርድ፣ ጠርዙ የተበላ የወታደር መታወቂያ። ከቢሮው የተሰጠ አንድም ወረቀት የለም። የተነገራቸው ሁሉ በአፍ ነው፤ አንዱ «የወራሽነት ማስረጃ አምጪ» ይላል፣ ሌላው «ስሙ አይገጥምም»።

በማግስቱ አብሬያቸው ሄድኩና ተጣላሁ። ሞኝነት ነበር፤ ሠራተኛው ፋይሉን ዘግቶ ሻይ ሊጠጣ ወጣ።

ማታ ሕጉን አገላበጥኩ። የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ ቁጥር 1267/2014 ወታደሩንም ይመለከታል። ሟች ያገኝ ከነበረው ጡረታ ሚስት 50 በመቶ፣ ከ18 ዓመት በታች ያለ ልጅ 20 በመቶ ያገኛሉ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 828 ደግሞ በሞት ምክንያት ለቤተሰብ የሚሰጥ ጡረታ የውርስ ሀብት አይደለም ይላል። እትዬ ታዲያ ለወራሽነት ወረቀት ብለው በግ ሸጠዋል!

ማመልከቻ ጻፍኩ። አንድ ገጽ፣ ያለ ስድብ፦ የተመላለሱባቸው ቀናት፣ የተነገራቸው ቃል፣ መጨረሻ ላይ «የጎደለው ማስረጃ በጽሑፍ ይገለጽልን»። ከታች «ግልባጭ፦ ለእንባ ጠባቂ ተቋም» አልኩ። ተቋሙ በ1992 በአዋጅ የቆመው የአስተዳደር በደልን እንዲመረምር ነው፤ እዚያ ከመድረሴ በፊት ግን መሥመሯ ብቻዋን ሥራ ሠራች። መዝገብ ቤት ሁለት ቅጂ ይዤ ገባሁ፤ አንዱን ሰጥቼ በእኔው ላይ የገቢ ማኅተምና ቁጥር አስመታሁ። ልጅቷ «ለምንህ ነው?» አለችኝ። ለምኔ እንደሆነ በኋላ ገባት፤ «ማመልከቻ አልደረሰንም» ሲሉ ቁጥሩን አነበብኩላቸው።

መልሱ በሁለተኛው ሳምንት መጣ። ውርስ የሚል ቃል የለበትም። ችግሩ ስም ብቻ ነበር፦ ፋይሉ ላይ ኃይሌ፣ ጋብቻው ላይ ኃይለ ሚካኤል። ሁለቱ አንድ ሰው መሆናቸውን ፍርድ ቤት በምስክር አረጋገጠልን፤ አንዱ ምስክር አብሮት የዘመተ ጓደኛው ነበር። ከዚያ በኋላ ብዙም አልቆየም፣ ገንዘቡ ባንክ ገባ።

አንድ ነገር ግን ይቆጨኛል። በልጃቸው ደመወዝ ይተዳደሩ የነበሩትን አያቴን ማመልከቻው ላይ ሳላስገባቸው ቀረሁ፤ ሕጉ ለእንዲህ ያለ ወላጅም 15 በመቶ አለው። የእሳቸው ጥያቄ ባለፈው ሰኞ ገብቷል። ማኅተም ያለበት ቅጂ እትዬ ፌስታል ውስጥ ነው።