ከ4 እንዴት 4.2 ይመጣል? ልጄን ኮሌጅ ለማስገባት ክላስ የመረጥንበት መንገድ

ኢትዮጵያ ሳለሁ የሒሳብ መምህር ነበርኩ። ውጤት ማንበብ እንጀራዬ ነበር፦ ከመቶ ስንት አመጣ፣ ከክፍሉ ስንተኛ ወጣ፣ በቃ። በመጨረሻ ዕጣውን የሚቆርጠው ደግሞ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ነው። 9ኛና 10ኛ ክፍል ላይ የተንገዳገደ ልጅ በፈተናው ሰሞን ራሱን ሊያድን ይችላል፤ ሲሸለም የኖረውም በዚያው ሰሞን ሊወድቅ ይችላል። አሜሪካ መጥተን ትልቋ ልጄ ቨርጂኒያ፣ ፌርፋክስ ካውንቲ 9ኛ ክፍል ስትማር ያመጣችው ጂፒኤ (የፊደል ውጤቶቿ አማካይ) 4.2 ነበር። ከስንት ነው ስላት ከ4 አለችኝ። የሒሳብ መምህርን እንዲህ ያለ ነገር እንቅልፍ ይነሳዋል።

ስሌቱ ከባድ አይደለም። በፌርፋክስ ኤ 4.0፣ ኤ ማይነስ 3.7፣ ቢ ፕላስ 3.3፣ ቢ 3.0 ነው። ክላሱ ኦነርስ (ከተራው ከበድ ያለ) ከሆነ በላዩ 0.5 ይጨመራል፤ በኮሌጅ ደረጃ ከሚሰጡት ከኤፒ፣ ከአይቢ ወይም ከዱዋል ኢንሮልመንት አንዱ ከሆነ ሙሉ 1 ነጥብ። ዌይትድ ጂፒኤ የሚሉት ይህንን ነው። ስለዚህ በኤፒ ክላስ ቢ ያመጣ ልጅና በተራው ክላስ ኤ ያመጣ ልጅ እኩል 4.0 ይጻፍላቸዋል። ወንዙን ተሻግሮ ሜሪላንድ፣ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ሲገባ ግን ሕጉ ሌላ ነው። እዚያ ኦነርስም ኤፒም እኩል 1 ነጥብ ያገኛሉ፤ የኦነርስ ኤ እኛ ጋ 4.5፣ እነሱ ጋ 5 ነው። ኤ ማይነስ የሚባለውም እዚያ የለም።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ወላጆች ሲገናኙ የሚሰማው ወሬ ከዚያ ወዲህ ትርጉም አጣብኝ። ከሞንትጎመሪዋ ሲልቨር ስፕሪንግ የመጣችው እናት «የኔ 4.7 ናት» ስትል የፌርፋክሱ፣ የስፕሪንግፊልዱ አባት አንገቱን ይደፋል። ሁለቱ ልጆች ተመሳሳይ ክላስ ወስደው ተመሳሳይ ፊደል አምጥተው ሊሆን ይችላል። ጆርጂያ ያለ ዘመዴ ደግሞ ሌላ ነገር ነገረኝ፦ ግዛቱ ሆፕ ለሚባለው ስኮላርሺፕ ትምህርት ቤቱ የጨመረውን ነጥብ ሁሉ ያነሳና ዋና ዋናዎቹን ትምህርቶች ብቻ ይዞ እንደገና ያሰላል፤ ለኤፒ ደግሞ የራሱን 0.5 ይጨምራል። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲዎችም የራሳቸው ቀመር አላቸው። የ9ኛ ክፍልን ውጤት ከስሌቱ ያወጣሉ፣ ተጨማሪ ነጥብ የሚሰጡባቸውን ሴሚስተሮች ቁጥርም ይገድባሉ።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የበራልኝ። እኛ የምንፎካከርበት ቁጥር ኮሌጁ በር ላይ ሲደርስ ብዙ ጊዜ ይፈርሳል። ታዲያ የሚያዩት ምንድን ነው?

መልሱን ያገኘሁት ከሁለት ወረቀት ነው። አንዱ ኮመን ዳታ ሴት የሚባለው ነው፤ አብዛኞቹ ኮሌጆች በየዓመቱ በድረ ገጻቸው ያወጡታል። ለመግቢያ ምን ምን እንደሚያዩና እያንዳንዱን ምን ያህል እንደሚመዝኑ በሠንጠረዥ ያሳያል። ልጄ ያሰበቻቸውን ኮሌጆች አንድ በአንድ ስከፍት «የትምህርቱ ክብደት» የሚለው ራሱን ችሎ፣ ከጂፒኤ ተለይቶ፣ «በጣም አስፈላጊ» በሚለው አምድ ሥር ምልክት ተደርጎበት አገኘሁት። ሁለተኛው ወረቀት ስኩል ፕሮፋይል ነው። ትምህርት ቤቱ ከትራንስክሪፕቱ (ከልጁ የውጤት መዝገብ) ጋር ለኮሌጅ የሚልከው አጭር ጽሑፍ ሲሆን፣ ስንት ኤፒ እንደሚሰጥና ነጥብ እንዴት እንደሚጨምር ይዘረዝራል። የኮሌጁ አንባቢ የልጁን ትራንስክሪፕት ከዚህ ጋር አስተያይቶ ያነባል። ማዕዱ ላይ ምን ቀርቦ ነበር፣ ልጁስ ምን አነሳ ማለት ነው። ለብዙ ኮሌጆች ባንድ ማመልከቻ በሚያመለክቱበት በኮመን አፕ በኩል ደግሞ ካውንስለሩ (የትምህርት ቤቱ አማካሪ) በሚሞላው ቅጽ ላይ የልጁ የትምህርት ምርጫ በዚያው ትምህርት ቤት ካሉት ጋር ሲነጻጸር «እጅግ ከባድ» ነው፣ «በጣም ከባድ» ነው ወይስ «መካከለኛ» የሚል ጥያቄ አለ። አንዲት ምልክት ናት። የምትቀመጥበትን ቦታ የሚወስኑት ግን አራቱ ዓመታት ናቸው።

በየዓመቱ በብርዱ ወራት፣ በረዶው ሳይቀልጥ፣ የሚቀጥለው ዓመት ክላስ ምርጫ ይመጣል። እኛ አበሾች እዚህ ላይ እንጎዳለን። መምህሩ ወረቀቱ ላይ የጻፈውን ምክር እንደ ፍርድ እንቀበለዋለን፤ መምህርን ማክበር ከአገር ይዘነው የመጣነው ነው፣ እኔም ራሴ እንዲያ ስከበር ኖሬአለሁ። በፌርፋክስ ግን ኤፒ ክላስ ክፍት ነው፤ የሚቀድመውን ትምህርት የጨረሰ ልጅ መመዝገብ ይችላል። የመምህሩ ምክር ምክር ነው። ለልጄ በ10ኛ ክፍል ተራው የታሪክ ክላስ ሲመከርላት ካውንስለሯን ቀጠሮ ጠየቅኳት፣ ከሥራ ወጥቼ ሄድኩ፣ አንድ ጥያቄ ብቻ ነበረኝ፦ «ኤፒውን ብትወስድ የሚከለክላት ነገር አለ?» የለም አለችኝ። ተመዘገበች።

ከሁሉ ይልቅ ቀድሞ መታሰብ ያለበት ሒሳብ ነው። አልጀብራ 1፣ ጂኦሜትሪ፣ አልጀብራ 2፣ ፕሪካልኩለስ፣ ከዚያ ካልኩለስ፦ አምስት ዓመት ነው፣ ሃይስኩል ደግሞ አራት ዓመት ብቻ። ስለዚህ 12ኛ ክፍል ላይ ካልኩለስ እንዲደርስ የሚፈለግ ልጅ አልጀብራ 1ን በ8ኛ ክፍል መጨረስ አለበት፤ አለበለዚያ ትምህርት ቤት በሚዘጋበት ክረምት መማር ወይም ሁለት ሒሳብ ባንድ ዓመት መደራረብ ሊኖር ነው። ኢንጂነሪንግ ለሚያስብ ልጅ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ብዙ ወላጅ ስለ ኮሌጅ ማሰብ የሚጀምረው 11ኛ ክፍል ላይ ነው፤ የሒሳቡ መስመር ግን የተያዘው ልጁ ገና የ12 ዓመት ልጅ ሳለ ነው።

አማርኛችን ደግሞ ባልጠበቅኩት ቦታ ጠቀመን። ፌርፋክስ ቋንቋ በፈተና ክሬዲት (ኮርሱን እንደጨረሱ የሚያስቆጥር) የሚያሰጥበት መንገድ አለው፣ አማርኛም ከቋንቋዎቹ አንዱ ነው። ማውራት ብቻ አይበቃም፣ መጻፍ ያስፈልጋል፤ ልጄ ፊደል የቆጠረችው በቤተ ክርስቲያን ሰንበት ትምህርት ቤት ነው፣ እየተነጫነጨች። የቨርጂኒያ አድቫንስድ ዲፕሎማ፣ ከፍ ያለው የሃይስኩል ዲፕሎማ፣ ከአንድ ቋንቋ ሦስት ዓመት ወይም ከሁለት ቋንቋ ሁለት ሁለት ዓመት ይጠይቃል። በፈተናው ሁለት የአማርኛ ክሬዲት አገኘች፣ ሁለት ዓመት ስፓኒሽ ጨመረችበት፣ መስፈርቱ ተሟላ። በተረፈው ሰዓት ኮምፒውተር ሳይንስ ገባች። ክሬዲቱ ፊደል ስለሌለው ጂፒኤውን አይነካም። ስለ ጂፒኤ ብቻ የሚያስብ ሰው «ታዲያ ምን ይረባል?» ይላል፣ አንድ ጓደኛዬም ብሎኛል።

ትልቁ ክርክራችን የመጣው 11ኛ ክፍል ላይ ነው። ጓደኞቿ የኤፒ ኢንቫይሮንመንታል (የአካባቢ) ሳይንስ ይወስዱ ነበር፤ ቀለል ይላል፣ ነጥቡም ሙሉ 1 ነው ተብሎ። እኔ ፊዚክስ ኦነርስ እንድትወስድ ፈለግኩ።

«አባዬ፣ እሱን ኤ ባመጣ 4.5 ነው፣ ይሄኛውን ኤ ባመጣ 5። አንተ ሒሳብ መምህር አይደለህ እንዴ?»

ሒሳቧ ልክ ነው። ነገር ግን ኢንጂነሪንግ እፈልጋለሁ ያለች ልጅ ፊዚክስን ዘልላ ብትመጣ የሚያነበው ሰው ምን ይላል? አላዘዝኳትም። የሁለት ኢንጂነሪንግ ኮሌጆችን ገጽ ከፍቼ ምን ዓይነት ዝግጅት እንደሚመክሩ እንድታነብ ሰጠኋት። ፊዚክስ በግልጽ ተጽፏል። ፊዚክስ ወሰደች፤ ቢ ፕላስ አመጣች፣ ማለትም 3.8። የአካባቢ ሳይንሱ ትምህርት ዋጋ የለውም ማለቴ አይደለም፤ ባዮሎጂ ወይም የሕዝብ ጤና ለሚያስብ ልጅ ጥሩ ምርጫ ሊሆን ይችላል።

ኦርኬስትራውም እንዲሁ። ቫዮሊን ትጫወታለች፤ ክላሱ ተጨማሪ ነጥብ ስለሌለው ኤ ብታመጣም 4.0 ነው። አራት ኤፒና ሁለት ኦነርስ ሁሉንም ኤ ያመጣ ልጅ ለስድስቱ 4.83 ይሆንለታል፤ ኦርኬስትራን ከነኤው ሲጨምርበት ወደ 4.71 ይወርዳል። ጎበዝ ተማሪ ኤ አምጥቶ ይቀጣል። በዚህ ምክንያት ሙዚቃ ያቋረጡ ልጆች አውቃለሁ፣ እጅግ ያሳዝነኛል። ብዙ ኮሌጆች እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ ሳይንስ፣ ማኅበራዊ ሳይንስና ቋንቋን ለይተው ስለሚያዩ ያቺ የ0.12 ቅናሽ እነሱ ዘንድ ላትታይ ትችላለች። ቫዮሊኗን እስከ 12ኛ ድረስ ተጫወተች። ትምህርት ቤታችን ደረጃ ስለማያወጣ ይህን ለመወሰን ቀለለን፤ ቴክሳስ ብንሆን ኖሮ ነገሩ ይከብድ ነበር። እዚያ እ.ኤ.አ. በ1997 በወጣ ሕግ ከክፍላቸው ከላይ ያሉትን ልጆች የግዛቱ ዩኒቨርሲቲዎች በቀጥታ ስለሚቀበሉ እያንዳንዷ ነጥብ ደረጃ ትቀይራለች።

ስለ ኤፒ ፈተና አንድ ነገር ልጨምር፣ ብዙ ወላጅ ሲያምታታው ስለማይ። ክላሱና ፈተናው ሁለት ናቸው። ሪፖርት ካርድ ላይ የሚወጣውን ፊደል የሚሰጠው መምህሩ ነው። በግንቦት ወር የሚሰጠው የኮሌጅ ቦርድ (ኤፒን የሚያዘጋጀው ድርጅት) ፈተና ከ1 እስከ 5 ይታረማል፣ ጂፒኤ ውስጥ አይገባም። ዋና ጥቅሙ ኮሌጅ ከተገባ በኋላ ነው። ስንት ቁጥር ለየትኛው ኮርስ ክሬዲት እንደሚያሰጥ እያንዳንዱ ኮሌጅ ራሱ ይወስናል፤ አንዱ 3 ይበቃኛል ሲል ሌላው 5 ካልሆነ አይቀበልም። የኮሌጅ ክሬዲት በዶላር ስለሚሸጥ ይህን ሠንጠረዥ ከማመልከቻው በፊት ማየት ያዋጣል። 12ኛ ክፍል ላይ መዝናናትም አያስፈልግም፦ የመንፈቅ ዓመቱ ውጤት ለኮሌጆቹ ይላካል፣ ከተቀበሉም በኋላ የመጨረሻውን ትራንስክሪፕት ይጠይቃሉ።

ልጄ ቨርጂኒያ ቴክ ኢንጂነሪንግ ገባች። ሃይስኩል ስትጨርስ ዌይትድ ጂፒኤዋ ከጓደኞቿ አንዳንዶቹ ያነሰ ነበር። የካልኩለስ ፈተናዋ ያስገኘላት ክሬዲት የመጀመሪያ ዓመቷን አቅልሎላታል።

አሁን ተራው የወንድሟ ነው። አልጀብራ 1ን በ8ኛ ክፍል ወስዶ ሲ አመጣ። በቨርጂኒያ ሚድልስኩል ላይ የተወሰደ የሃይስኩል ኮርስ ትራንስክሪፕት ላይ ይወጣል፣ ጂፒኤም ውስጥ ይቆጠራል፤ ወላጅ በጽሑፍ ከጠየቀ ግን ይሰረዛል። ከተሰረዘ ክሬዲቱም አብሮ ስለሚሄድ 9ኛ ክፍል ላይ እንደገና ሊወስደው ነው፤ በዚያ መስመር ደግሞ 12ኛ ላይ የሚደርሰው ፕሪካልኩለስ እንጂ ካልኩለስ አይደለም። እሱ በበኩሉ የሚፈልገው የመኪና ቴክኖሎጂ ነው፣ ካውንቲው ያስተምረዋል። ሒሳቡን ረግጦ ቢይዝ ይሻለዋል ብዬ ማሰረዣውን ቅጽ ሞልቼ አስገብቻለሁ። እናቱ ግን እህቱ ካልኩለስ ወስዳ እሱ ለምን አይወስድም ትላለች፤ ገና አልተዋጠላትም።