የሽንት ጨርቅ በግድግዳ ላይ

ሳቢያን ባለው ግቢያችን የሽንት ጨርቅ አጥቤ ሳሰጣ የድሬ ፀሐይ ወዲያው ያደርቅልኛል። ማጠቡን ግን ፀሐይ አያየውም። ውኃ የሚመጣው ሌሊት ነው፤ ዘጠኝ ሰዓት ተነስቼ ጀሪካኖቹን እሞላለሁ፣ በዚያው አጥባለሁ። ጠዋት የመጣ እንግዳ የሚያየው ንጹሕ ልጅ ብቻ ነው። ስምንት ወሯ ነው።

ሜሪ ኬሊ የተባለች አርቲስት እ.ኤ.አ. በ1976 ለንደን ውስጥ የልጇን የቆሸሸ የሽንት ጨርቅ ገበር፣ የዕለቱን ምግቡን ከሥሩ መዝግባ፣ ለኤግዚቢሽን ሰቀለችው። ጋዜጦች ጮኹባት። እኔ ፎቶውን ሳይ አለቀስኩ። ያ የምግብ ዝርዝር! እኔም እኮ በልቤ እመዘግባለሁ፤ ስንት ማንኪያ አጥሚት እንደጠጣች፣ ስንቴ እንዳስመለሳት።

አሜሪካዊቷ ሚርል ላደርማን ዩከልስ ደግሞ እናት ከሆነች በኋላ፣ በ1969፣ ማጽዳትና መንከባከብ ራሱ ጥበብ ነው ብላ ማኒፌስቶ ጻፈች። በ1973 ሃርትፎርድ ከተማ የሚገኘውን ሙዚየም ደረጃ ተንበርክካ ፈገፈገችው።

ይህን ለእማዬ ነገርኳት። ስድስት ልጅ ያሳደገች ናት። ጤፍ እየነፋች ዝም ብላ ሰማችኝና፣ «ስትፈገፍግ ልጇን ማን ያዘላት?» አለችኝ።

እስካሁን እያሰብኩበት ነው።