ኳስ ሜዳው ጥግ

ዛሬ ከሰዓት ቦሌ አራብሳ፣ ኮንዶሚኒየሙ መሀል ያለው ሜዳ ጥግ ላይ ጎረምሶች አንድ ተማሪ ከበው ቆመዋል። አንዱ ደብተሩን ነጥቆታል። ሌላው አረማመዱን እያስመሰለ ይውረገረጋል። ሦስተኛው ስልኩን ደግኖ «አንተ ሴታሴት! ቲክቶክ ላይ ትወጣታለህ!» ይላል። ልጁ የቦርሳውን ማንገቻ ጨብጦ መሬት መሬት ያያል።

አላፊ አግዳሚው ጆሮ ዳባ ልበስ ብሏል። የደረሱለት ጀበና ቡና የሚሸጡት እትዬ ናቸው። በስልክ የሚቀርጸውን ልጅ ክንዱን ይዘው «አጥፋው። እያየሁህ አጥፋው» አሉት። አጠፋው። ከዚያ ልጁን በርጩማ ስበው አጠገባቸው አስቀመጡት። «ምን አድርገህ ነው?» ብለው አልጠየቁትም። ልቤን የነካው ይሄ ነው።

«ሕጉም ይከለክላል እኮ» ያለኝ ሰው ነበር። አዎ፣ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በተመሳሳይ ጾታ መካከል የሚፈጸም ድርጊትን ያስቀጣል። ልጅን ከቦ ማዋረድን ግን የፈቀደ ሕግ የለም። እንዲያውም የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከጭካኔ አያያዝ እንዲጠበቁ ይላል። ደሞ ስድቡ የሚለጠፈው በድምፅና በአረማመድ ነው፤ የማንም ልጅ ላይ ሊለጠፍ ይችላል። የተባለውን ቢሆንስ? ያው ልጃችን ነው!

ወላጆች፣ ልጃችሁ ተሰዳቢ ብቻ ሳይሆን ሰዳቢም ሊሆን ይችላል። ስልኩን እዩለት፣ አነጋግሩት። መምህራንም አስቁሙ፤ ግን የተሰደበውን ልጅ ሰልፍ ላይ ስሙን አትጥሩ፣ ይብስበታል።

የብሎካችን ኮሚቴ ሲሰበሰብ ከውሃና ከጥበቃ በፊት ይሄን አነሳለሁ። የቀረጹትን ልጆች ወላጆች ቤታቸው ሄደን እናናግር ነው የምለው። አብሮኝ የሚሄድ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ።