ኢንሹራንሱ ሳይለወጥ ክፍያው ለምን ይለወጣል?

ኖቬምበር በገባ ቁጥር አሜሪካ በሚኖሩ ወገኖቻችን ዘንድ አንድ ጥያቄ ይነሳል። «ኢንሹራንሱ ያው፣ ሐኪሙ ያው፣ ገቢዬም ያው፤ ታዲያ ክፍያው ምን ነክቶት ጨመረ?» ይህን ጽሑፍ የጻፍነው ለዚህ ጥያቄ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

በማርኬትፕሌስ (ብዙዎቻችን ኦባማኬር የምንለው) ኢንሹራንስ የሚገዛ ሰው በየወሩ የሚከፍለው ገንዘብ የሚወጣው ከሦስት ቁጥሮች ነው። አንደኛው የመረጣችሁት ኢንሹራንስ ሙሉ ዋጋ ነው። ይህ በዕድሜ፣ በመኖሪያ አካባቢና በአብዛኞቹ ስቴቶች በሲጋራ ማጨስ ይለያያል፤ በብዙ ስቴቶች የ64 ዓመት ሰው የ21 ዓመት ወጣት ከሚከፍለው እስከ 3 እጥፍ ሊጠየቅ ይችላል። ሁለተኛው በአካባቢያችሁ ከሚሸጡት የሲልቨር (መካከለኛ ደረጃ) ኢንሹራንሶች መካከል በርካሽነቱ ሁለተኛ የሆነው ዋጋ ነው፤ እዚህ «መለኪያው ሲልቨር» እንበለው። ሦስተኛው ሕጉ «ከገቢህ ይህን ያህል ራስህ ክፈል» የሚለው መጠን ነው። የመንግሥት ድጎማ ማለት መለኪያው ሲልቨር ሲቀነስ የራስ ድርሻ ነው። ያንን ድጎማ ይዛችሁ የፈለጋችሁትን ኢንሹራንስ ትገዙበታላችሁ።

ብዙ ሰው የሚሸወደው በሁለተኛው ቁጥር ነው። የራሳችሁ ድርሻ በወር 287 ዶላር፣ መለኪያው ሲልቨር 500፣ እናንተ የያዛችሁት ደግሞ 480 ዶላር ነው እንበል። ድጎማው 213 ስለሚሆን ከኪሳችሁ 267 ትከፍላላችሁ። በቀጣዩ ዓመት አዲስ ኩባንያ ወደ አካባቢያችሁ ገብቶ ርካሽ ሲልቨር ያቀርብና መለኪያው ወደ 440 ይወርዳል። የእናንተው ኢንሹራንስ ዋጋ እዚያው 480 ነው፤ ድጎማው ግን 153 ይሆናል፤ ክፍያችሁም 327። ኩባንያችሁ ሳንቲም ሳይጨምር በወር 60 ዶላር ተጨመረባችሁ። ዝም ብሎ በራሱ እንዲታደስ የተተወ ኢንሹራንስ ጉዳቱ እዚህ ላይ ነው። ስለዚህ በየኖቬምበሩ ገብቶ ማወዳደር ግድ ነው፤ ስታወዳድሩም ሐኪማችሁና መድኃኒታችሁ በአዲሱ ኢንሹራንስ ዝርዝር ውስጥ መኖራቸውን አረጋግጡ።

በ2026 ደግሞ ሦስተኛው ቁጥር ራሱ ለሁሉም ሰው ተለወጠ። በ2021 የወጣው ሕግ የራስን ድርሻ ዝቅ አድርጎት ነበር፤ በ2022 ተራዝሞ እስከ 2025 መጨረሻ ድረስ ሠራ፤ ከዚያ ጊዜው አለቀ። ልዩነቱን በአንድ ሰው እንየው። ብቻውን የሚኖር፣ በዓመት 40,000 ዶላር የሚያገኝ ሰው በ2025 ለመለኪያው ሲልቨር ከገቢው 4.6 በመቶ ገደማ፣ ማለትም በወር 154 ዶላር አካባቢ ይከፍል ነበር። በ2026 ድርሻው 8.6 በመቶ ገደማ ሆነ፤ በወር 287 ዶላር አካባቢ ማለት ነው። ገቢው አልተነካም፤ የተለወጠው መቶኛው ነው።

ከዚህ የከፋው ገደሉ ነው። በ2026 ድጎማ የሚሰጠው ገቢው ከፌዴራል የድህነት መስመር 400 በመቶ ላልበለጠ ሰው ብቻ ነው። ለ2026 ሽፋን የሚያገለግለው የ2025 መስመር ሲሆን ለአንድ ሰው 15,650፣ ለአራት ሰው ቤተሰብ 32,150 ዶላር ነው። ስለዚህ ጣሪያው ለአንድ ሰው 62,600፣ ለአራት ሰው 128,600 ዶላር ይሆናል። ከጣሪያው በታች ያለ ሰው ለመለኪያው ሲልቨር ቢበዛ 9.96 በመቶ ይከፍላል፤ ጣሪያውን ያለፈ ግን ሙሉውን ዋጋ ይሸከማል። በስድሳዎቹ ዕድሜ ላለ ሰው ይህ በዓመት ብዙ ሺህ ዶላር ነው።

የታክስ ሒሳቡም ጠንክሯል። ድጎማው በየወሩ የሚሰጠው በግምታችሁ ላይ ተመሥርቶ ነው። ዓመቱ ሲያልቅ ፎርም 1095-ኤ ይላክላችሁና በፎርም 8962 እውነተኛው ገቢ ይሰላል። ቀድሞ ከ400 በመቶ በታች ላለ ሰው የሚመለሰው ትርፍ ገንዘብ ገደብ ነበረው። ከ2026 የታክስ ዓመት ጀምሮ ገደቡ ተነሥቷል፤ በትርፍ የተሰጠው በሙሉ ይመለሳል። 58,000 አገኛለሁ ብሎ 63,000 ያገኘ ብቸኛ ሰው የዓመቱን ድጎማ ሁሉ ይመልሳል ማለት ነው። 8962ን ጭራሽ ሳያስገባ የቀረ ደግሞ ድጎማው ሊቋረጥበት ይችላል። ስለዚህ ገቢያችሁ ሲጨምር ወይም ሲቀንስ ዓመቱን ሙሉ አካውንታችሁ ውስጥ ገብታችሁ አስተካክሉ፤ ኤፕሪልን አትጠብቁ።

ኡበር፣ ሊፍት ወይም ታክሲ የሚነዱ ወገኖች በግምቱ ላይ በሁለቱም አቅጣጫ ይሳሳታሉ። ማርኬትፕሌሱ የሚፈልገው ከወጪ በኋላ የቀረውን የተጣራ ገቢ እንጂ 1099 (ኩባንያው የከፈላችሁን የሚገልጽ የታክስ ፎርም) ላይ የሠፈረውን ጠቅላላ ድምር አይደለም። በ1099-ኬ ላይ ያለው ቁጥር ኩባንያው የወሰደውን ኮሚሽን ጭምር ይይዛል። ለሥራ የነዳችሁት ማይልም ይቀነሳል፤ የ2025 ተመን በማይል 70 ሳንቲም ስለነበር 30,000 ማይል የነዳ ሰው 21,000 ዶላር ይቀንሳል። በዚህ ዘዴ የተጠቀመ ሰው ቤንዚንና ጥገናን እንደገና መቀነስ አይችልም፤ የመንገድና የፓርኪንግ ክፍያ ግን ለብቻ ይቀነሳል። የግል ሥራ ታክስ ግማሹም ከገቢ ይወጣል። ወደ አገር ቤት የሚላክ ገንዘብ ግን አይቀነስም፤ ኢትዮጵያ የሚኖሩ ወላጆችም በታክስ ላይ እንደ ጥገኛ አይቆጠሩም።

ጣሪያው አጠገብ ለቆመ ሰው መውጫ አለ። በትራዲሽናል አይአርኤ (የግል የጡረታ ቁጠባ) የሚቀመጥ ገንዘብ፣ በሥራ ቦታ የጡረታ ዕቅድ ለሌለው ሰው፣ ለድጎማው ከሚታየው ገቢ ላይ ይቀነሳል። የ2026 ገደቡ 7,500 ዶላር ሲሆን (50 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆነ ከፍ ይላል)፣ እስከ ቀጣዩ ኤፕሪል 15 ድረስ ማስገባት ይቻላል። 64,000 ያገኘ ሰው 2,000 ዶላር አስገብቶ ከጣሪያው በታች ይወርዳል። ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ ብሮንዝ (ከሲልቨር ዝቅ ያለ ደረጃ) ኢንሹራንሶች ሁሉ ለኤችኤስኤ (ለሕክምና ወጪ የሚውል የቁጠባ ሂሳብ) ብቁ ሆነዋል፤ በዚያም ለአንድ ሰው እስከ 4,400 ዶላር ማስቀመጥና ከገቢ መቀነስ ይቻላል።

ወጪን ከመጠን በላይ ቀንሶ ወደ ታች መውረድም አደጋ አለው። ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያና ዲሲ ሜዲኬድን (ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ያለውን የመንግሥት የሕክምና ሽፋን) ስላሰፉ ዝቅተኛ ገቢ ያለው አዋቂ ወደዚያ ይገባል። ቴክሳስና ጆርጂያ ግን አላሰፉም፤ እዚያ ብቻውን የሚኖር ሰው ገቢዬ ከ15,650 በታች ነው ካለ በአብዛኛው ሜዲኬዱንም ድጎማውንም ያጣል።

ደረጃ ስትመርጡ ወርሃዊ ክፍያውን ብቻ አትዩ። ብቻውን የሚኖርና በ2026 ገቢው ከ31,300 ዶላር (200 በመቶ) ያልበለጠ ሰው ሲልቨር ከገዛ ዲዳክቲብሉ (ኢንሹራንሱ መክፈል ከመጀመሩ በፊት ከኪስ የሚወጣው) እና ኮፔዩ (በየሕክምናው የሚከፈለው) በእጅጉ ይቀንስለታል፤ በዓመት ከኪሱ የሚወጣው ጣሪያም ከ3,500 ዶላር አይበልጥም። ያው ሰው «በወር ዜሮ ነው» ተብሎ ብሮንዝ ከገዛ ግን ጣሪያው እስከ 10,600 ሊደርስ ይችላል። ይህ ቅናሽ ያለው በሲልቨር ላይ ብቻ ነው፤ አንድ ሌሊት ሆስፒታል ማደር የዓመቱን ቁጠባ ይበላዋል።

አሁን ወደ ወረቀቱ ጉዳይ፤ ዲቪ ደርሷቸው ለመጡ፣ ወላጆቻቸውን ላመጡና አሳይለም ላገኙ ሁሉ ይመለከታል። ግሪን ካርድ ያገኘ አዋቂ በብዙ ስቴቶች ለፌዴራል ሜዲኬድ 5 ዓመት ይጠብቃል። እስከ 2025 ድረስ እንዲህ ያለ ሰው ገቢው ከድህነት መስመሩ በታች ቢሆንም እንኳ በማርኬትፕሌስ ድጎማ ያገኝ ነበር። ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ ይህ ቀርቷል። ገና የመጣና ሥራ ያልያዘ ሰው በዓመቱ ውስጥ ከመስመሩ በላይ አገኛለሁ ብሎ በእውነት መገመት ከቻለ የሥራ ደብዳቤና የደመወዝ ወረቀት ይዞ ያመልክት። እናት ወይም አባት እዚህ ከመጡ በኋላ ልጃቸው በታክሱ ላይ ጥገኛ አድርጎ በሕጋዊ መንገድ ካስመዘገባቸው የሚታየው የልጁ ቤተሰብ ገቢ ነው፤ ያኔ ወላጅ የራሱ ገቢ ባይኖረውም ለድጎማ ሊበቃ ይችላል። ለብቻቸው ሲያመለክቱ ግን ገቢ የለም ተብለው ይመለሳሉ።

ከጃንዋሪ 1 ቀን 2027 ጀምሮ ደግሞ አሳይለም ያገኙ፣ ስደተኛ ሆነው የመጡና ቲፒኤስ (ጊዜያዊ የመቆያ ጥበቃ) ያላቸው ድጎማውን ያጣሉ፤ ዜጎችና ግሪን ካርድ ያላቸው ይቀጥላሉ። ድጎማውን ያጡት ኢንሹራንሱን በሙሉ ዋጋ መግዛት ይችላሉ፤ አቅሙ ያለው ግን ጥቂቱ ነው። አሳይለም ያገኘና ስደተኛ ሆኖ የገባ ሰው አንድ ዓመት ሲሞላው ለግሪን ካርድ ማመልከት ይችላልና ሳትዘገዩ ከኢሚግሬሽን ጠበቃ ጋር ተነጋገሩ። እዚህ የተወለዱ ልጆች ዜጎች ናቸው፤ የወላጅ ወረቀት እነሱን አያስቀራቸውም።

ያገቡ ሰዎች ድጎማ ለማግኘት በመደበኛው ታክስ አብረው ማስገባት አለባቸው። ባል ወይም ሚስት ኢትዮጵያ ስላለች «ለየብቻ» ብሎ ያስገባ ሰው ድጎማውን ሊመልስ ይገደዳል። ውጭ አገር ካለ የትዳር ጓደኛ ጋር አብሮ የማስገቢያ መንገድ አለ፤ ልጅ አብሮት ለሚኖር ወላጅም የተለየ መንገድ አለ፤ ታክስ ከመላኩ በፊት ባለሙያውን ጠይቁ።

ቀኖቹን በተመለከተ፣ ሄልዝኬር ዶት ጎቭን ለሚጠቀሙ ስቴቶች የ2027 ምዝገባ ከኖቬምበር 1 እስከ ዲሴምበር 15 ብቻ ነው፤ እስከ ጃንዋሪ 15 የነበረው ተጨማሪ ወር ቀርቷል። የራሳቸው ገበያ ያላቸው እንደ ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያ፣ ዲሲና ካሊፎርኒያ ያሉት የየራሳቸውን ቀን ያወጣሉ፤ ከዲሴምበር 31 ግን አያልፉም። ከዚያ ውጭ ለመግባት ሥራ ማጣት፣ መዛወር፣ ጋብቻ ወይም ልጅ መውለድን የመሰለ ምክንያት ያስፈልጋል፤ ያም በአብዛኛው በ60 ቀን ውስጥ ነው።

ከማርኬትፕሌስ የሚመጣ ደብዳቤ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ብቻ ሳይከፈት የሚቀርበት ቤት ብዙ ነው። ገቢ ወይም የኢሚግሬሽን ሰነድ ላኩ የሚለው ደብዳቤ ብዙውን ጊዜ 90 ቀን ይሰጣል፤ ካለፈ ድጎማው ሊቀነስ ወይም ሊቋረጥ ይችላል። ጥሪ ማዕከሉ በነጻ አስተርጓሚ ያገናኛል፤ ስልኩን ሲያነሱላችሁ «አማሪክ» በሉ።