ኮሞሮስን በትንሽ ገንዘብ፦ ከሞሮኒ እስከ ኢትሳሚያ

ኮሞሮስ የሄደ ሰው ኪሱ የሚራገፈው በአልጋና በምግብ አይደለም፤ ከቦታ ወደ ቦታ በመንቀሳቀስ ነው። የቸኮለ ሰው የታክሲውንም የጀልባውንም ሙሉ ዋጋ ብቻውን ይችላል፤ ቁጭ ብሎ መጠበቅ የሚያውቅ ግን ከአገሬው ጋር ተጋፍቶ በትንሽ ፍራንክ ይደርሳል። ስለዚህ በጀቱ የጠበበ ተጓዥ እዚህ ከዩሮ ይልቅ ቀን ቢጨምር ያተርፋል። አንድ ሳምንት ካላችሁ አንድ ደሴት፣ ሁለት ሳምንት ካላችሁ ሁለት ደሴት አስቡ። ሦስቱንም በሳምንት እጨርሳለሁ ያለ ሰው የሚያየው ወደብና አየር ማረፊያ ብቻ ነው።

ደሴቶቹ ያሉት በሞዛምቢክና በማዳጋስካር መካከል ነው። ትልቋ ንጋዚጃ ዋና ከተማዋን ሞሮኒን ይዛለች፤ ፈረንሳዮቹ ግራንድ ኮሞር ይሏታል። ሁለተኛዋ ንዝዋኒ (አንጁዋን) ናት። እኔን የሳበችኝ ሦስተኛዋና ትንሿ ምዋሊ፣ በሌላ ስሟ ሞኤሊ ናት፤ ስፋቷ 211 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ በ2020 እ.ኤ.አ. ደግሞ ዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ብሎ መዝግቧታል። የባሕር ኤሊዎች እንቁላላቸውን ሊጥሉ በየሌሊቱ የሚወጡባት ኢትሳሚያ የምትባል መንደር አለች። የጉዞዬ ዓላማ እሷ ነበረች፤ ሌላው ሁሉ መንገድ ነው።

«ለምን ዛንዚባር አትሄድም?» ያላለኝ ሰው የለም። ዛንዚባር ለቱሪስት የተሰናዳ አገር ነው፤ ዋጋውም እንደዚያው። ኮሞሮስ ውስጥ የሚጠብቃችሁ ደላላ የለም፣ የሚያዋክባችሁ የለም፣ የጉዞ ፕሮግራም የሚሸጥላችሁም በጣም ጥቂት ነው። ለእኛ ደግሞ አንድ ትልቅ ጥቅም አለው፦ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ ሞሮኒ ይበራል፣ ሰዓቱ ከእኛ ጋር አንድ ነው፣ ቪዛም እዚያው ስትደርሱ ይሰጣል። ለቪዛው 30 ዩሮ በእጃችሁ ያዙ፤ ከመነሳታችሁ በፊት ግን ክፍያው አለመለወጡን አጣሩ። የቢጫ ወባ ካርዳችሁንም ከፓስፖርቱ ጋር አድርጉ፤ በአፍሪካ አየር ማረፊያዎች መቼ እንደሚጠየቅ አይታወቅም።

ጊዜ ስትመርጡ የእኛን ክረምት እርሱት። እዚያ ዝናብና ወበቅ የሚበረታው ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ነው፤ አልፎ አልፎም ከባድ አውሎ ነፋስ ይመጣል፣ በ2019 እ.ኤ.አ. ሚያዝያ ላይ ኬኔት የተባለው ደሴቶቹን መትቶ ነበር። ከግንቦት እስከ ጥቅምት አየሩ ደረቅና ቀለል ያለ ነው። ከዚህ ውስጥ ሐምሌንና ነሐሴን ዝለሏቸው። በነዚህ ወራት ፈረንሳይ፣ በተለይም ማርሴይ የሚኖሩ ኮሞሮሳውያን ለታላቁ ሠርግ ይመጣሉ። «አንዳ» የሚሉት ይህ ሠርግ አንድ የንጋዚጃ ሰው በመንደሩ ውስጥ ክብር የሚያገኝበት በመሆኑ ዕድሜ ልኩን ሲያጠራቅም ይኖራል። ለእንግዳ ትዕይንቱ ያምራል፤ ነገር ግን በረራው ይሞላል፣ አልጋ ይጠፋል፣ የመኪና ኪራይ ይሰቀላል። ግንቦት መጨረሻና ሰኔ፣ ወይም መስከረምና ጥቅምት የበጀት ሰው ወራት ናቸው። ረመዳን ላይ ከሄዳችሁ ቀን ቀን ምግብ ቤት ዝግ መሆኑን አትርሱ፤ ማታ ግን መንገዱ ሁሉ ማዕድ ነው።

ገንዘብን በተመለከተ ምክሬ አጭር ነው፦ ዩሮ፣ በጥሬው፣ በትናንሽ ኖት። የኮሞሮስ ፍራንክ ዋጋው ከዩሮ ጋር የታሰረ ነው፤ 1 ዩሮ 492 ፍራንክ ያህል ነው፣ ስለዚህ በየቀኑ ምንዛሪ እያሰላችሁ አትጨነቁም። ከአዲስ አበባ ስትነሱ ባንኩ ትኬታችሁንና ፓስፖርታችሁን አይቶ ሲሸጥላችሁ ዶላር ሳይሆን ዩሮ ጠይቁ። ካርድ የሚሠራው በሞሮኒ ባሉ ጥቂት ማሽኖች ነው፤ እነሱም መብራት ሲጠፋ ወይም ገንዘብ ሲያልቅባቸው ያው ናቸው። ወደ ምዋሊ ከመሻገራችሁ በፊት የምታወጡትን ሁሉ በፍራንክ ቀይራችሁ ያዙ።

ሞሮኒ ውስጥ ታክሲ በጋራ ነው። በሚያልፈው መኪና መስኮት የሠፈሩን ስም ትናገራላችሁ፤ አቅጣጫው ከሆነ ያስገባችኋል፣ ካልሆነ አንገቱን ነቅንቆ ያልፋል። ሒሳቡ ጥቂት መቶ ፍራንክ ነው። ሹፌሩ ሌላ ሰው ሳይጭን ከተነሳ ግን ኮንትራት ይዛችኋል ማለት ነውና ሳትቀመጡ ዋጋ ተነጋገሩ። ከሐሃያ አየር ማረፊያ ወደ ከተማ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሻንጣችሁ ቀላል ከሆነ ከግቢው ወጥታችሁ ዋናው መንገድ ላይ ቆማችሁ ሚኒባስ መያዝ ትችላላችሁ። ቀላልና ንጹሕ ክፍል ስፈልግ የተጠየቅሁት በአብዛኛው ከ15 ሺህ እስከ 25 ሺህ ፍራንክ ነበር። ይህ ለእኛ ኪስ ርካሽ አይደለም፤ ሁለት ሆኖ መሄድ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው፣ ክፍሉ የሚከፈለው በራስ ሳይሆን በአልጋ ነውና።

ምግቡ ግን ያስደስታል። ማታ ማታ መንገድ ዳር ከሰል ላይ የሚጠበስ ዓሣና ሥጋ፣ የተጠበሰ ካሳቫና ሙዝ፣ በጎኑም ፑቱ የሚሉት ሚጥሚጣችንን የሚያስንቅ የቃሪያ ድልህ አለ። ማባዋ የሚሉት የዶሮ ክንፍ ነው፤ ከውጭ በረዶ ሆኖ ገብቶ የአገሩ ሁሉ እራት ሆኗል። እኔ ያልጠገብኩት ማታባን ነው፦ የካሳቫ ቅጠል ተወቅጦ በኮኮናት ወተት ለሰዓታት የተቀቀለ፣ ከሩዝ ጋር የሚበላ። ለፆመኛም ይሆናል፤ ሥጋ ወይም ዓሣ እንዳልገባበት ብቻ ጠይቁ። በቫኒላ የተሠራ ሎብስተር የሚባለውን ሁሉም ይመክራችኋል፣ አንድ ጊዜ ቅመሱት፣ ከዚያ ወደ ማታባ ተመለሱ። ቢራ በጥቂት ሆቴሎች ብቻ ይገኛል፤ ዋጋውም የማያስጠጣ ነው።

ውኃ የታሸገ ጠጡ፣ ወይም ማጣሪያ ያዙ። ንጋዚጃ ላይ ወንዝ የለም። እሳተ ገሞራው የረጨው ድንጋይ ቀዳዳ ስለሆነ ዝናቡን እንዳለ ወደ ውስጥ ያሰርገዋል፤ ሰዉም የጣሪያ ውኃ በማጠራቀሚያ ይዞ ይኖራል። 2361 ሜትር ከፍታ ያለው ካርታላ ተራራ በ2005 እ.ኤ.አ. ሲፈነዳ አመዱ የወረደው በነዚህ ማጠራቀሚያዎች ላይ ነበር።

ከሞሮኒ ወደ ሰሜን የሚወስደው የሚኒባስ መንገድ በጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይና በነጭ አሸዋ መካከል ይሄዳል፤ ቀን ውሎ መመለሻ ሚትሳሚዩሊ ናት። ከእሷ አጠገብ የጋላዋ ባሕር ዳርቻ አለ። ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ ሲያመራ የተጠለፈው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን፣ የበረራ ቁጥር 961፣ የወደቀው እዚህ ፊት ለፊት ነው። ጠላፊዎቹ አውስትራሊያ ውሰዱን ብለው አልሰማም አሉ፣ ነዳጁ አለቀ፣ ካፒቴን ልዑል አባተም ቦይንግ 767ቱን ባሕሩ ላይ አሳረፈው። ከ175ቱ ሰዎች 125ቱ ሞቱ። የተረፉትን ያወጡት ባሕሩ ዳር የነበሩ እንግዶችና የአካባቢው ሰዎች ናቸው። ኢትዮጵያዊ መሆኔን ስናገር ዕድሜያቸው ገፋ ያለ ሰዎች ምንም ሳልጠይቅ በእጃቸው ወደ ውኃው ያመለክቱኝ ነበር። እኔም ሌላውን ዳርቻ ብዘለው እንኳ ይህን አልዘለውም ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ወጪ እንምጣ፤ ወደ ምዋሊ መሻገሪያው። ትንንሽ አውሮፕላኖች አሉ፣ ዋጋቸው ከጀልባው በብዙ ይበልጣል፣ መርሐ ግብራቸውም በሰዓቱ አይደለም። አገሬው የሚሻገረው በደቡብ ጫፍ ካለችው ከቺንዲኒ መንደር በሞተር ጀልባ ነው፤ ማረፊያው በምዋሊ ሰሜን ያለችው ሆአኒ ናት። ባሕሩ ከረጋ ሁለት ሰዓት አካባቢ ይፈጃል። ከሞሮኒ ጎህ ሳይቀድ ተነሱ፤ ባሕሩ ደህና የሚሆነው ጠዋት ነው፣ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ይነሳል። በተለይ ከሰኔ እስከ ነሐሴ «ኩሲ» የሚሉት የደቡብ ነፋስ ሲነፍስ ጀልባዎቹ ለቀናት ላይወጡ ይችላሉ።

ቺንዲኒ ላይ የምታደርጉት መጠበቅ ነው። ጀልባው ሰው ሲሞላ ይነሳል። ብቻችሁን አስነስታችሁ መሄድ ትችላላችሁ፣ ሒሳቡን ስትሰሙ ግን ተመልሳችሁ ትቀመጣላችሁ። ጫማችሁን አውልቃችሁ ውኃው ውስጥ ገብታችሁ ነው የምትሳፈሩት፤ ስልክና ፓስፖርት በላስቲክ ተጠቅልሎ አንገት ላይ፣ ሻንጣው በትልቅ ፌስታል ውስጥ። ከኋላ በኩል ተቀመጡ፣ የፊቱ ክፍል ማዕበሉን እየዘለለ ወገብ ይሰብራል። ስለ ገንዘብ እየጻፍኩ ቢሆንም አንድ ቦታ ላይ ቁጠባ የለም፦ የሕይወት አድን ጃኬት የሌለው ጀልባ ላይ አትውጡ። ጃኬት የለም ካሉ ወይም ጠርዙ ከውኃው ጋር እስኪተካከል ከጫኑ የሚቀጥለውን ጠብቁ። እንዲህ ያሉት ጀልባዎች ክዋሳ ክዋሳ ይባላሉ። ከ1995 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፈረንሳይ በእጇ ላለችው አጎራባች ደሴት ለማዮት ቪዛ መጠየቅ ስለጀመረች ከንዝዋኒ ወደዚያ በሌሊት በነሱ የሚሻገሩ ብዙ ሰዎች አልቀዋል። ከኦቦክ ወደ የመን የሚሻገረውን የኛን ልጅ ታሪክ የሚያውቅ ሰው ይህን ሲሰማ ማስረዳት አያስፈልገውም።

ምዋሊ ሌላ ዓለም ናት። ወንዝ አለ፣ ጫካው አረንጓዴ ነው፣ ዋና ከተማ የሚባለው ፎምቦኒ በእግር የሚጨረስ ነው። በጋራ ታክሲ ወደ ደቡብ ወደ ኒዩማቿ ሂዱ፤ ከፎምቦኒ የሚነሱት ጠዋትና ከገበያ በኋላ ነው፣ ካመለጣችሁ ለዚያ ቀን ወይ ኮንትራት ወይ አዳር ነው። ኒዩማቿ ፊት ለፊቷ ባሕሩ ላይ ትናንሽ ደሴቶች ተደርድረዋል። በ2001 እ.ኤ.አ. የባሕር ፓርክ ተብሎ የተከለለው ይህ ነው። መነጽርና መተንፈሻ ቱቦ ከአዲስ አበባም ሆነ ከዱባይ ይዛችሁ ሂዱ፣ እዚያ መከራየት አስቸጋሪ ነው። የፓርኩን ክፍያ ከፍላችሁ ከዓሣ አጥማጅ ጋር በጀልባ ትወጣላችሁ፤ ሌሎች እንግዶች መኖራቸውን ማደሪያችሁ ላይ ጠይቃችሁ አንድ ቀን ብትጠብቁ ሒሳቡ ለአራትና ለአምስት ይከፈላል። ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ዓሣ ነባሪዎች በዚህ በኩል ያልፋሉ። ጫካ ለሚወድ ደግሞ ክንፉ ሲዘረጋ ከአንድ ሜትር የሚያልፍ የሊቪንግስተን የሌሊት ወፍ አለ፤ ከምዋሊና ከንዝዋኒ በቀር በዓለም ላይ የትም አይገኝም።

ኢትሳሚያ በደቡብ ምሥራቅ ጫፍ ናት። መንደርተኛው ራሱ ማኅበር አቋቁሞ ኤሊዎቹን ይጠብቃል፤ በሌላ ቦታ ለሥጋቸው ይታረዳሉና። ማደሪያው ቀላል ጎጆ ነው፣ እራት ስንት ሰው እንደሚበላ አስቀድሞ ይነገራል፣ ገንዘቡም መንደር ውስጥ ይቀራል። ያለ አስጎብኚ ሌሊት ወደ ባሕሩ መውረድ አይፈቀድም። ሰዓቱን የሚወስነው ባሕሩ ነው፦ ውኃው ሲሞላ ይወጣሉ። እኛ የወረድነው እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ ነበር። ከመቶ ኪሎ በላይ የሚመዝን ፍጡር አሸዋው ላይ እየተጎተተ ሲወጣ፣ ትንፋሹን እንደ ደከመ ሰው ሲያወጣ ትሰማላችሁ። ጉድጓድ እስክትቆፍር ማንም አይጠጋም፤ መጣል ከጀመረች በኋላ ከኋላዋ ተንበርክኮ ማየት ይቻላል። እንቁላሉ ከመቶ ይበልጣል። ነጭ መብራት፣ የካሜራ ብልጭታ፣ የስልክ ስክሪን ሁሉ ክልክል ነው፣ ብርሃን ካየች ሳትጥል ትመለሳለች። ቀይ መብራት ያለው የግንባር ባትሪ ካላችሁ ያዙ። ቢያንስ ሁለት ሌሊት አድሩ፤ አንዱን ሌሊት ዝናብ ወይም ድካም ሊወስድባችሁ ይችላል።

መንደር ውስጥ ሰው ለማግባባት ትንሽ ቃል ይበቃል። ከሽማግሌ ጋር ስትገናኙ «ክዌዚ» በሉ፣ «ምቦና» ብለው ይመልሱላችኋል፤ ምስጋናው «ማራሃባ» ነው። ስዋሂሊ የሚሞክር ሰው ግማሽ መንገድ ተጉዟል፣ ፈረንሳይኛ የሚችል ደግሞ ሁሉንም። ሴቶች ከባሕሩ ውጭ ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ልብስ ይልበሱ፣ ወንዶችም ያለ ሸሚዝ በመንደር አይዞሩም። አጎበር፣ የወባ መከላከያ መድኃኒት፣ ፓወር ባንክ፣ ለቁስል የሚሆን ነገር ከቤት ይዛችሁ ውጡ፤ ምዋሊ ላይ ፋርማሲ ፍለጋ መዞር አይመከርም።

መመለሻውን ከበረራው ቢያንስ ሁለት ሌሊት አስቀድሙ። ነፋስ ጀልባውን ካስቀረው ትኬት የሚቃጠለው እዚህ ነው፤ ያን ጊዜ የሚቀጥለው በረራ ጉዞውን ሁሉ ያስወድደዋል። ምንም ሳይፈጠር ሞሮኒ ከደረሳችሁ ቀኑ አይባክንም፦ በአሮጌው ሠፈር በባጃናኒ ጠባብ መተላለፊያዎች መሄድ፣ ወደብ ዳር ያለውን የድሮውን የዓርብ መስጊድ ማየት፣ ከምቩኒ መንደር መሪ ይዞ ወደ ካርታላ መውጣት ይቻላል። የኮሞሮስ ፍራንክ ከአገሩ ውጭ የሚመነዝረው ስለሌለ የተረፋችሁን ቮሎ ቮሎ ገበያ ውሰዱት፤ ቅርንፉዱን በኪሎ፣ ቫኒላውን በጥቅል ግዙ። የቫኒላውን እንጨት ጣታችሁ ላይ ጠምዝዙት፣ የሚሰበር ከሆነ አሮጌ ነው። ለሐሃያ መሳፈሪያ የሚሆን ብቻ አስቀሩ።