«ደህና ነኝ» የማይባልበት ጠረጴዛ

ቀኑን ሙሉ ካፊያ። ሆድ የሚያባባ ዓይነት ቀን፤ ስልክ ለመደወል እንኳ ያሰንፋል። ደግሞ ተደውሎስ? «እንዴት ነሽ?» «ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን።» በሩ እዚያው ላይ ይዘጋል። ሌሊቱን ሲያለቅስ ያደረውም የሚመልሰው ይህንኑ ነው።

የሙዚየም የቡድን ሥራን የምወደው ለዚህ ነው። ስለ ራስህ ተናገር አይልም፤ ዕቃ ያስጨብጣል። እ.ኤ.አ. ከ2014 እስከ 2017 ለንደንና ኬንት ውስጥ ብቸኝነት ለሚያሰጋቸው፣ 65 ዓመት ለሞላቸውና ከዚያ በላይ ለሆኑ ሰዎች የተሞከረው መርሐ ግብር በሳምንት አንድ ቀን፣ 2 ሰዓት ያህል፣ ለ10 ሳምንት የሚቆይ ነበር። ዕቃ መዳሰስ፣ ማውራት፣ በእጅ መሥራት።

ብዙ ጊዜ የሚያበላሸው ጥያቄው ነው። «ይህ በስንተኛው ክፍለ ዘመን የተሠራ ይመስላችኋል?» ከተባለ ፈተና ሆነ፤ ያላወቀው ያፍራል፣ ያፈረ ሰው ደግሞ በሳምንቱ አይመለስም። «ይከብዳል? ይቀዘቅዛል? እንዲህ ያለ ማን ቤት አይታችኋል?» ሲባል ግን ጥላሸት የጠገበ አንድ ጀበና ለ8 ሰው ወሬ ይበቃል። ሰዉ ከ12 ከበለጠ ዝምተኛው ተውጦ ይቀራል። ብርና ነሐስ የላብ ጨው ስለሚያጠቁራቸው ጓንት ይፈልጋሉ፤ ለመዳሰስ ተብሎ ለተለየ ሸክላ ግን ታጥቦ የደረቀ እጅ ይሻላል። ጓንት ያንሸራትታል፣ ሻካራውንም ይደብቃል።

ከዚያ ጭቃው፤ እያንዳንዱ የራሱን ስኒ ይሠራበታል። ያለ እሳት የሚደርቀው ዓይነት፣ ለአንድ ሰው ግማሽ ኪሎ። የስኒው ግድግዳ ከ5 እስከ 8 ሚሊሜትር ይወፍር። ጣጣው እጀታው ላይ ነው፤ ቀጭን ስለሆነ ቀድሞ ይደርቃል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ገና እርጥብ ከሆነው ገላ ይላቀቃል። ስለዚህ የሚገናኙትን ሁለቱን ፊቶች በሹካ ጫር ጫር ማድረግ፣ በውሃ የቀጠነ ጭቃ መቀባት፣ ጫን ብሎ ማጣበቅ፣ ከዚያ ላስቲክ አልብሶ ሁለት ቀን ማቆየት። ማሞቂያ አጠገብ በፍጹም። ለሌላ ሰው ስንጥቅ ስንጥቅ ነው፤ «ድሮም እኔ የነካሁት ነገር» እያለ ለሚኖር ሰው ግን ማስረጃ ይሆንበታል። በሳምንቱ መጥቶ ስኒውን እጀታው ወልቆ ካገኘው፣ የሦስት ሳምንት ልፋት በዚያች ደቂቃ ሊፈርስ ይችላል። ላስቲክ ማልበስ የአስተባባሪው ኃላፊነት ነው፤ «አቤት ረሳሁት» አይባልም።

መለኪያም አለው። በጃንጥላ ሥዕል ላይ ስድስት የስሜት ቃላት፣ እያንዳንዱ ከ1 እስከ 5፤ ሲገቡም ሲወጡም ይሞላል። ጥሩ ነው፣ ለዚያች ቀን።

እኔን የሚከነክነኝ 10ኛው ሳምንት ነው። አንድ ሰው ሐሙስን መጠበቅ ይለምዳል፤ ሸሚዙን ረቡዕ ማታ ይተኩሳል፤ አጠገቡ የምትቀመጠዋ ሴትዮ ሻይዋን ያለ ስኳር እንደምትጠጣ ያውቃል። ከዚያ ስኒውን በጋዜጣ ጠቅልለው ይሰጡትና ይሸኙታል። በ11ኛው ሐሙስ ጠዋት ለባብሶ ወዴት ይሂድ?