ወዛም በርገር ከቀይ ሥጋ

ጥቅሉ ላይ 93/7 የሚል ያለበት የተፈጨ ሥጋ ከመቶው 93 እጁ ቀይ፣ 7 እጁ ስብ ነው። ለበርገር የተለመደው 80/20 ነው። በግማሽ ኪሎ ላይ ልዩነቱ 65 ግራም ስብ ይሆናል። ቀይ ሥጋ ገዝቼ በርገር ስጠብስ የምጨነቀው ይህን 65 ግራም በምን ልተካው እያልኩ ነው። አገር ቤት ልኳንዳ ገብቶ «ጮማ የሌለው ፍጭልኝ» የሚል ሰውም፣ ቁጥሩ አይጻፍለት እንጂ፣ ችግሩ ያው ነው።

ሥጋ ሲሞቅ ይኮማተራል። ሙቀቱ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድን ሲያልፍ ጅማቱ ይሰበሰብና ውሃውን እንደ እርጥብ ጨርቅ ጨምቆ ያወጣዋል። ጮማ ያለው ሥጋም ከዚህ አያመልጥም፤ ነገር ግን የቀለጠው ስብ በመካከል ስለሚቀር ስናላምጠው ወዙ ይሰማናል። ቀይ ሥጋ ውሃውን ከተፋ በኋላ የሚቀርለት ነገር የለም። ስለዚህ ስቡም፣ ውሃውን ይዞ የሚያስቀረውም ነገር ከውጭ መምጣት አለበት። የስቡን ነገር ክትፎ ሠሪዎች ድሮ ጨርሰውታል። የክትፎ ሥጋ ጅማቱም ጮማውም ተለቅሞ የወጣለት ቀይ ነው፤ ልስላሴው ከንጥር ቅቤው ነው የሚመጣው። እኔም በርገሩ ውስጥ የማስገባው ያንኑ ቅቤ ነው።

ለአራት በርገር ግማሽ ኪሎ ቀይ የተፈጨ ሥጋ፣ 40 ግራም ንጥር ቅቤ፣ 30 ግራም የዳቦ ለስላሳ ውስጥ (ቅርፊቱ የወጣለት)፣ 3 የሾርባ ማንኪያ ወተት፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቁንዶ በርበሬ እና 1 የሻይ ማንኪያ ጨው ያስፈልጋል። ቅቤው ኮረሪማና ኮሰረት ያለበት ከሆነ ጣዕሙ ጎልቶ ይወጣል፤ እኔ እወደዋለሁ። የተለመደውን የበርገር ጣዕም የሚፈልግ ሳይቀመም የተነጠረውን ይጠቀም።

መጀመሪያ ቅቤውን 20 ደቂቃ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጣለሁ። ሲጠጥር በአይብ መፋቂያ ፍቄ ወይም በቢላ እንደ ምስር ፍሬ አሳንሼ ከትፌ መልሼ አቀዘቅዘዋለሁ። ይህን መዝለል አይቻልም። ቅቤ ከሥጋ ስብ ይልቅ በትንሽ ሙቀት ስለሚቀልጥ፣ ለስላሳ ሆኖ ከገባ እጅ ላይ እያለ ይቀባባና መጥበሻው ላይ ገና በመጀመሪያው ደቂቃ ፈስሶ ያልቃል። ጠጥሮ በትንንሹ ከተበተነ ግን በተቀመጠበት ይቀልጣል። ሙሉውን 65 ግራም የማላስገባውም በዚሁ ምክንያት ነው። ከ60 ግራም በላይ ሲሆን ቅቤው መጥበሻው ላይ ይጠራቀማል፣ በርገሩም ጠርዙ ይላላል። የቀረውን ክፍተት ዳቦውና ወተቱ ይሞሉታል።

ዳቦውን ቆራርሼ ወተቱን አፈስበትና 10 ደቂቃ ሲቆይ በሹካ አሽቼ ገንፎ አስመስለዋለሁ። ጓል መቅረት የለበትም፤ ከቀረ በርገሩ ውስጥ ነጭ ሆኖ ይታያል። በወተት የራሰው ዳቦ ሥራው ሁለት ነው፦ ራሱ እርጥበት ይዞ ይገባል፣ በሥጋው መካከል ገብቶም ጭረቶቹ እርስ በርስ ተጣብቀው እንዳይጠነክሩ ይከላከላል። ወተት ከሌለ ቀጭን እርጎ በዚያው መጠን ይሆናል። እስራኤል ያሉ ወገኖቻችን ሥጋና ወተት ስለማይቀላቅሉ ዳቦውን በሥጋ መረቅ ማራስ፣ በቅቤው ፋንታ 2 የሾርባ ማንኪያ ዘይት መጨመር ይችላሉ። ዘይቱን በቀጥታ ሥጋው ላይ ከማፍሰስ ከራሰው ዳቦ ጋር ቀድሞ መምታት ይሻላል፤ እንዲያ ሲሆን አይለይም።

ዳቦውን፣ ቅቤውንና ቁንዶ በርበሬውን ሥጋው ላይ በትኜ ጣቶቼን እንደ ሹካ ከፍቼ ከታች ወደ ላይ እያነሳሁ እቀላቅላለሁ። ከ30 ሰከንድ ብዙም አይበልጥም። እንደ ሊጥ ከታሸ ሥጋው ይተሳሰራል፣ ሲበስልም ጎማ ይሆናል።

የጨውን ነገር ለብቻው ላንሳው፤ ብዙ በርገር የሚበላሸው እዚህ ላይ ነውና። ጨው ከተፈጨ ሥጋ ጋር ተቀላቅሎ ሲቆይ የሥጋውን ፕሮቲን ያሟሟዋል፤ የሟሟው ፕሮቲን ሲበስል እንደ ሙጫ ይይዛል። ቋሊማ ተቆርጦ የማይበተነው በዚህ ነው። ለማየት የሚፈልግ ከአንድ ሥጋ ሁለት በርገር ይሥራ፦ አንዱን ጨው ቀላቅሎ ግማሽ ሰዓት ያቆየው፣ ሌላኛውን መጥበሻ ላይ ሊያስቀምጠው ሲል ብቻ ከላይ ይነስንስበት። ሁለቱንም መሃል ለመሃል ቢቆርጣቸው የመጀመሪያው ገጹ ልሙጥ ሆኖ ያብለጨልጫል፣ በጣት ሲጫኑት ይመለሳል። ሁለተኛው ፍርፍር ያለ ነው፤ በየክፍተቱ መረቅ ቋጥሮ ይታያል። ስለዚህ ጨው ሁልጊዜ ከውጭ፣ ሁልጊዜ በመጨረሻ።

ሥጋውን ለአራት ከፍዬ እያንዳንዱን 11 ሳንቲሜትር ስፋት፣ 1.5 ሳንቲሜትር ውፍረት አድርጌ አስተካክለዋለሁ። ከዳቦው የሚሰፋ መሆን አለበት፣ ሲጠበስ ይሰበሰባልና። መሃሉን በአውራ ጣት ግማሽ ሳንቲሜትር ያህል አጎደጉደዋለሁ። ዙሪያው ቀድሞ ሲኮማተር መሃሉን ወደ ላይ ስለሚገፋው፣ ያልጎደጎደ በርገር እንደ ኳስ ያብጣል፤ ያኔ ሰው በማማሰያ ይጫነዋል። ሲጫኑት የሚሰማው የ«ሽሽ» ድምፅ ደክመን ያስገባነው ቅቤና ወተት እየወጣ መሆኑን ነው የሚናገረው። በርገር አይጫኑ። ከዚያ 20 ደቂቃ ፍሪጅ ውስጥ ይቆያል።

መጥበሻው ወፍራም ብረት ቢሆን ይመረጣል። በመካከለኛና በኃይለኛ እሳት መካከል 3 ደቂቃ ይሙቅ፤ ጠብታ ውሃ ሲረጩበት ወዲያው የሚተን ከሆነ ደርሷል። 1 የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ ከዚያ ሥጋው። በመጀመሪያው ጎን 4 ደቂቃ ያህል ሳይነኩት፣ በሁለተኛው 3 ደቂቃ። ሥጋው መጥበሻውን ካለቀቀ ገና ነው፤ በግድ አይላቀቅ። አራቱን በአንድ ትንሽ መጥበሻ ማጨቅም አያዋጣም። የሚወጣው እንፋሎት መውጫ ሲያጣ ሥጋው በራሱ ውሃ ይቀቀላል፣ ቀለሙም ግራጫ ሆኖ ይቀራል።

መብሰሉን በቀለም አልለይም። የተፈጨ ሥጋ በቂ ሙቀት ሳያገኝ ቡናማ ሊሆን ይችላል፤ በደንብ በስሎ ሮዝነቱ የማይለቀውም አለ። የምግብ ቴርሞሜትር ከጎኑ ወደ መሃል አስገብቶ 71 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ማየት ነው፤ የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ለተፈጨ የበሬ ሥጋ ያስቀመጠው ልክ ይህ ነው። ሙሉ ሥጋ ላይ ጀርሙ የሚገኘው ውጪው ላይ ነው፣ ሲጠበስም ይሞታል። ሲፈጭ ግን የውጪው ወደ ውስጥ ይገባል። በቀይ ሥጋ ላይ ቴርሞሜትሩ ሌላም ጥቅም አለው፦ 71 ላይ ወዛም የነበረው በርገር 80 ላይ ደረቅ ነው፤ በመካከሉ ያለው ጊዜ ደግሞ አንድ ሁለት ደቂቃ ብቻ ነው። አውጥቶ 3 ደቂቃ ማሳረፍ፣ በዚያው መጥበሻ በቀረው ቅቤ የዳቦውን ውስጠኛ ገጽ መጥበስ።

ልኳንዳ ላይ ለሚያስፈጭ ሰው ከዚህ የቀለለ መንገድ አለ። 400 ግራም ቀይ ከ100 ግራም ሻኛ ጋር አንድ ላይ፣ በትልቁ ቀዳዳ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ማስፈጨት። ቅቤውም ዳቦውም አያስፈልግም። ሁለቴ ከተፈጨ ለክትፎ የቀረበ ልስላሴ ያመጣል፤ ለበርገር ግን ይጠቀጠቃል። ያን ዕለት የታረደ ሥጋ ከሆነ ሳይፈጭ ቢቀዘቅዝ ይሻላል፤ ሙቅ ሥጋ ሲፈጭ ስቡ ይላቁጣል። ሞራ ጨምርልኝ ማለትን አልመክርም። ሞራ ለመቅለጥ ብዙ ሙቀት ይፈልጋል፣ በርገሩ ትንሽ በረድ ሲል ላንቃ ላይ እንደ ሰም ይረጋል።

ወደ ሌላው ምግብ ስንሄድ መንገዱ ይለያል። ለፓስታ ስጎ ቀይ ሥጋ ሁሉም እስኪጠቁር ከተጠበሰ ጠጠር ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ አንድ ሰዓት ቢንተከተክም ቶሎ አይመለስም። እኔ ከግማሽ ኪሎው ሢሶውን ብቻ በኃይለኛ እሳት ቡናማ እስኪሆን እጠብሳለሁ፤ ጣዕሙ ከእሱ ይወጣል። የቀረውን ከቲማቲሙና ከድልሁ በኋላ ጥሬውን አስገብቼ በማንኪያ እበትነዋለሁ። ስጎው ውስጥ በቀስታ ስለሚበስል ለስላሳ ሆኖ ይቀራል። ሙሉውን መጥበስ የሚፈልግ ሩብ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ በ2 የሾርባ ማንኪያ ውሃ አሟሙቶ ግማሽ ኪሎው ላይ ይቀላቅልና 15 ደቂቃ ያቆየው። ሶዳው የሥጋውን አሲድነት ስለሚቀንስ ፕሮቲኑ ሲሞቅ ያን ያህል አይጨማደድም፣ ውሃውንም አይለቅም፤ ቡናማ ለመሆንም ይፈጥናል። ከዚህ መጠን ካለፈ ሳሙና ሳሙና ይላል። ቤኪንግ ፓውደር ሌላ ነገር ነው፣ አይተካውም።

ምንቸት አብሽ ለቀይ ሥጋ የተፈጠረ ይመስለኛል። ስቡ ከቁሌቱ ይመጣል፣ እርጥበቱ ከሽንኩርቱ። ለግማሽ ኪሎ ሥጋ ግማሽ ኪሎ በደቃቁ የተከተፈ ቀይ ሽንኩርት መጀመሪያ ያለ ዘይት አቁላላለሁ፤ ከዚያ ዘይት፣ 3 የሾርባ ማንኪያ በርበሬ፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል። በርበሬው ጠብ ጠብ እያለ በሚጨመር ውሃ ቢያንስ 15 ደቂቃ ይቁላላ። የሚበላሸው ሥጋው ሲገባ ነው። እንዳለ ድስቱ ውስጥ ከተጣለ ወዲያው ይጓጉላል፣ ጓሉም በማማሰያ አይፈታም። ሥጋውን በአንድ ኩባያ ቀዝቃዛ ውሃ በእጅ በጥብጦ፣ ፍሬ ፍሬው ተለያይቶ፣ ከነውሃው ማፍሰስና እስኪሞቅ ሳያቋርጡ ማማሰል ነው። እሳቱ ወዲያው ይቀነስ፤ ድስቱ ሲንተከተክ እንጂ ሲንፈቀፈቅ መታየት የለበትም። ግማሽ የሻይ ማንኪያ የላመ አብሽ ከሥጋው ጋር ይገባል። አብሽ ውሃ ሲነካው ሙጫ መሰል ነገር ያወጣል፣ መረቁን ያወፍራል፤ የወፈረው መረቅ ደግሞ እያንዳንዷን ፍሬ ሸፍኖ ስለሚይዝ ወጡ ደረቅ አይመስልም። ቅቤው ሊወርድ 5 ደቂቃ ሲቀረው ነው የሚገባው። ቀድሞ የገባ ቅቤ ሽታው ይጠፋል።

ለሳምቡሳ ከቀይ ሥጋ የተሻለ የለም፤ ጮማ ያለው ዘይቱን እየለቀቀ ሊጡን ያረጥበዋል። ሥጋው ከሽንኩርቱ ጋር ውሃው እስኪመጥ ከበሰለ በኋላ ቃሪያው እሳቱ ከጠፋ ወዲህ ይገባ፣ ሳይሞላም ሙሉ በሙሉ ይቀዝቅዝ።

የተረፈ ጥሬ በርገር በየመካከሉ የመጋገሪያ ወረቀት አድርጎ ማቀዝቀዝ ይቻላል፤ ጨው ሳይነካው። ሲፈለግ ማታ ከፍሪዘር ወደ ፍሪጅ አውርዶ ማሳደር፣ ጠዋት ላይ የወጣበትን ውሃ በወረቀት አድርቆ፣ መሃሉን እንደገና አጎድጉዶ፣ ከዚያ ጨው ነስንሶ ወደ መጥበሻው።